ይታይሽ የቋጠረችው ዛላ

ተረት ተረት።

«የላም በረት»

ላሟን ዛሬ ተዉአት፣ ትረፍ። ማታ ማታ እየጠራናት ወተቷ ሊደርቅ ነው። ዛሬ «የስንዴ እሸት» በሉኝ። እስቲ እንደገና። ተረት ተረት።

«የስንዴ እሸት»

እንዲህ ነው እንጂ። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ ወንድምሽን አትግፊው። አንተ ደግሞ እጅህን ከምሰሶው ላይ አንሣ። ቅድም አይቼሃለሁ፣ ያችን የስንዴ ዛላ እስር አውርደህ ልትፈለፍላት ነበር። ርቦህ እንደሆነ ቆሎ አለልህ። እሷን ግን አትንካት። ለምን አትሉኝም? ለምን እንደሆነ ልነግራችሁ ነው።

በድሮ ዘመን፣ ስንዴ አልፎ አልፎ ከሰው ጋር ይነጋገር በነበረበት ጊዜ፣ ዝግባ ውኃ በሚባል ደጋ አገር ጠጂቱ የምትባል ባልቴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። አንዲት ልጅ አለቻት፣ ስሟ ይታይሽ ነው። ይታይሽ አፏም እጇም የማያርፍ ልጅ ነበረች። ስንዴ ሲታጨድ ከየማሳው ጥግ፣ ከራሳቸውም ከሰውም፣ ነጩንም ቀዩንም ጥቁሩንም ዛላ ትለቅምና በአንድ ላይ ታስረዋለች። ቋጠሮዋ የራሷ ነበር። ሦስት ጊዜ ትጠመዝዝና ጫፉን ወደ ውስጥ ትቀረቅረዋለች። ሌላ ሰው እንደዚያ ማሰር አይችልም። እናቷም ሞክራ አቅቷታል።

ከዚያም ይታይሽ አደገችና ተዳረች። የተዳረችው ከትልቁ ወንዝ ማዶ ነው፣ የሦስት ቀን መንገድ። በሠርጓ ዋዜማ የዚያን ዓመት ዛላ አሰረችና ምሰሶው ላይ ሰቀለችው። ሰቅላም፦ «እማ፣ እኔ ሳልኖር ይህን እያየሽ አውሪኝ» አለቻት። በማግሥቱ በበቅሎ ተጭና ሄደች። ጠጂቱም በር ላይ ቆማ አየቻት፣ አየቻት፣ በቅሎዋ ጉንዳን እስክታክል ድረስ አየቻት። ሲመሽ ገባችና ራት አቀረበች። ያቀረበችው ለሁለት ሰው መሆኑን ያወቀችው በልታ ከጨረሰች በኋላ ነው።

የዚያ አገር ወግ ደግሞ እንዲህ ነው። ወንዝ ማዶ የተዳረች ልጅ እናቴ ናፈቀችኝ ብላ ብድግ ብላ አትመጣም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሆንባታል። የምትጠራው በእሸት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ስንዴ እሸት ሲሆን፣ እናት ከራሷ መሬት አንድ ጭብጥ ትቆርጥና አስራ ለመንገደኛ ትሰጣለች። እሸቱ የደረሳትን ልጅ ባሏ አይከለክላትም፣ አማቷም አትከለክላትም። እሸት ካልመጣ ግን ጥሪ የለም። ከጎረቤት ማሳ ቆርጦ መላክም ነውር ነው። የሰው እሸት የሰው ልጅ ይጠራል ይሉ ነበር።

ጠጂቱ ታዲያ እሸቱን ትጠብቅ ጀመር። ስንዴው በቀለ፣ አደገ፣ አማረ። እሸት ሊሆን ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጉም ወረደ። ከጉሙ ጋር ዋግ መጣ።

ዋግን ታውቁታላችሁ? አታውቁትም፣ አትወቁትም። ዋግን ዓይን አያየውም። ሺህ ሆኖ በአንድ መርፌ ቀዳዳ ያልፋል። በነፋስ ይመጣና በጠል ይበቅላል። ቅጠሉ ላይ ትንሽ በር ፈልጎ ይገባና ውስጥ ለውስጥ ይበላል። ጠግቦ ሲወጣ ቆዳውን ይቀደዋል፣ ያን ጊዜ እንደ ሸክላ ዱቄት ቀይ ነው። በማሳው መሀል ያለፈች ሴት ቀሚሷ ቀልቶ ትወጣለች። ዛላው እንደ ቆመ ይቀራል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። በዚያ ዓመት አገሩ ሁሉ ቀላ። ይታይሽም ሳትጠራ ቀረች።

አያ ጓንጉል የሚባሉ የአገሩ ሽማግሌ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ይህን ያዙልኝ። ብቻ ነገር ሳያጣሩ መፍረድ ይወዱ ነበር። ገና ጉሙ ሳይበረታ ማሳውን ሲዞሩ አንዳንዱ ስንዴ ቅጠሉ ላይ ጠቃጠቆ እንዳለበት አይተው ነበር። ቡናማ ቡናማ፣ የቁንጫ ንክሻ የምታህል። የቀረው ስንዴ ግን አንዲት ነቁጥ የለበትም፣ አረንጓዴ ነው። እንግዲያው በሽታውን ያመጣብን ይህ ጠቃጠቆው ነው፣ የታመመው ካልተነቀለ ጤነኛውን ይጨርሰዋል ብለው ፈረዱ። በሚቀጥለው ዓመት የለቀማ ደቦ ተጠራ። ሰው ሁሉ ተሰልፎ ጠቃጠቆ ያለበትን እየነቀለ አቃጠለው። ጠጂቱም የራሷን ማሳ ለቀመች። የቀረው ስንዴ ሲያዩት ያስጎመጅ ነበር። ከዚያም ጉም ወረደ፣ ዋግ መጣ፣ ያ ሁሉ ያማረ ስንዴ በአሥር ቀን ቀልቶ አለቀ።

ሰው ይህን ካየ በኋላ ምን ማለት ነበረበት? ቆም ብሎ ማሰብ ነበረበት። እነሱ ግን ደህና አድርገን አልለቀምንም ይሆናል አሉና በሦስተኛው ዓመት ከፊተኛው አብልጠው ለቀሙ። ዋጉም ከፊተኛው አብልጦ በላ።

ጠጂቱ ሦስት ዓመት ሙሉ እሸት አልቆረጠችም። ልጇ ናፈቀቻት። ድምጿ ናፈቃት፣ ኮቴዋ ናፈቃት፣ ስትቆጣ አፍንጫዋን መንፋቷ እንኳ ናፈቃት። ጨው ጭኖ ወንዙን የሚሻገር ቢተው የሚባል ነጋዴ ነበር። ይታይሽ መውለዷን የነገራት እሱ ነው። ወንድ ነው ሴት ብላ ብትጠይቀው፣ አልጠየቅሁም አላት። ወንድ መልእክተኛ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። ጠጂቱም ስሙን የማታውቀውን፣ ወንድ ይሁን ሴት የማታውቀውን የልጅ ልጅ መናፈቅ ጀመረች። ማታ ማታ ምሰሶው ሥር ትቀመጥና ወደ ቋጠሮው ቀና ብላ ታወራለች። ዛሬ ዶሮዋ እንቁላል ጣለች ትለዋለች። ዛሬ ወገቤን አመመኝ ትለዋለች።

በአራተኛው ዓመት ሰኔ ገባ። ጎታዋን ጠረገችው፣ ዘር የለም። ጎረቤቶቿም ያላቸው ለራሳቸው የማይበቃ የቀጨጨ ፍሬ ነው። ዘር ካልተዘራ እሸት የለም፣ እሸት ከሌለ ይታይሽ የለችም። በዚህ መሀል ዓይኗ ምሰሶው ላይ አረፈ። እዚያ ስንዴ አለ። ለቀማ ሳይጀመር የታሰረ፣ ጢስ ጠጥቶ የኖረ፣ ነቀዝ ያልነካው ስንዴ። ግን የይታይሽ እጅ የቋጠረው ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ልጇ እንዳስቀመጠችው የቀረ ነገር ከዚያ በቀር አልነበረም።

ሦስት ቀን አመነታች። አወረደችው፣ መልሳ ሰቀለችው። በአራተኛው ቀን ጭኗ ላይ አደረገችና የተቀረቀረውን ጫፍ ሳበችው። ቋጠሮው አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ዞረና ተፈታ። መፍታቱ እንዲህ ቀላል መሆኑ አናደዳት። ከዚያም አለቀሰች። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ የፈለፈለችው ፍሬ በእንባዋ ራሰ። ሁለት እፍኝ ሆነ። ከቤቷ ኋላ ባለችው ጓሮ ዘራችውና አጥሩን ዘጋች።

ዝናቡ ደግ ነበር። ስንዴው በቀለ፣ ቅጠሉም ሰፋ። ነሐሴ ሲጋመስ አንድ ጧት ገብታ ብታይ ግማሹ ጠቃጠቆ አውጥቷል። አራት ዓመት ሙሉ በሽታ ሰቅዬ ነው እንዴ ሳወራው የኖርሁት አለች በሆዷ። በማግሥቱ የለቀማው ደቦ ይመጣል። ሰው ገብቶ ከሚረግጠው እኔው ልንቀለው ብላ ጸሐይ ስታዘቀዝቅ ገባች። አጎነበሰችና አንዱን አገዳ ጨበጠች።

ስንዴውም፦ «እናቴ፣ ምን አጠፋሁ?» አላት።

ጠጂቱ አገዳውን አልለቀቀችም። «ታመሃል። ሌላውን ትጨርሳለህ» አለችው።

ስንዴውም፦ «አልታመምሁም። የተዋጋሁበት ነው» አለ። «አንቺ ጠላት ሲመጣብሽ ትሸሺያለሽ። እኔ እግር የለኝም። ዋግ ቅጠሌ ላይ አርፎ በሬን ሲነካ በኮቴው አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ እሱ የቆመባትን ቦታ እኔው አቃጥላታለሁ። የማቃጥለው የገዛ ሥጋዬን ነው፣ ያመኛል። እሱ ግን የሞተ ነገር መብላት አያውቅም፣ የሚኖረው ከሕያው ብቻ ነው። እንደ ቆመ በረሃብ ይሞታል። ጠቃጠቆ የምትሉት የሱን መቃብር ነው።»

«ያ ምንም ነቁጥ የሌለበት አረንጓዴውስ?» አለች ጠጂቱ።

«እሱ ኮቴውን አያውቀውም። እንግዳ የመጣ መስሎት በሩን ይከፍትለታል። አምሮበት ይቆይና አንድ ቀን ቀልቶ ታገኚዋለሽ።»

ጠጂቱም አሰበች። አስባም፦ «አንዷ ቅጠልህ ስትቃጠል ሌሎቹ በምን ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችው።

ስንዴውም፦ «የተቃጠለችው በአገዳዬ በኩል መልእክት ትልካለች» አላት። «መልእክቷ ትንሽ ናት፣ ጠብታ አትሞላም። ግን የደረሳት ቅጠል ሁሉ በሯን ታጠብቃለች። ትንሽ ናት ብላ የምትንቃት የለችም።»

ጠጂቱ አገዳውን ለቀቀች። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች። የምትወደውን ቋጠሮ በገዛ እጇ ፈትታ የዘራች ሴት ናትና፣ የገዛ ሥጋን ማቃጠል ምን እንደሆነ ለማንም ሳታስረዳ ገባት።

በማግሥቱ ደቦው መጣ። አያ ጓንጉል ከፊት ነበሩ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፣ እሳቸው ግን ሳይጠሩ አጥሩን ከፈቱት። ጠጂቱም ከመግቢያው ላይ ቆመች። ስንዴው የነገራትን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ሰዎቹ ተያዩ። ናፍቆት ራሷን አዞራት ብለው አዘኑላት፣ ሁለት ሦስቱም በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

አያ ጓንጉልም፦ «ጠጂቱ፣ ስንዴ ለአንቺ ብቻ ነው እንዴ የሚያወራው? ዋጉ ከዚህ ጓሮ ተነሥቶ አገር ቢጨርስ ማን ይጠየቃል?» አሏት።

ጠጂቱም፦ «አያ፣ እኔ እጠየቃለሁ» አለች። «ዋጉ ከዚህ የተነሣ እንደሆነ ጎጆዬን አፍርሼ ከአገሩ እወጣለሁ።»

ጎጆዋን ካፈረሰች፣ ልጇ ከስንት ዓመት በኋላ እንኳ ብትመጣ የምትገባበት እንደሌላት ሁሉም ያውቃል። የሳቁትም እጃቸውን ከአፋቸው አወረዱ። አያ ጓንጉል አጥሩን መልሰው ዘጉና ሄዱ። ለቀማው በሌላው ማሳ ላይ ቀጠለ።

ከዚያም ጉም ወረደ። ጉሙ ሰባት ቀን አልተነሣም። ጠጂቱ ሰባቱንም ቀን ከጓሮዋ አልወጣችም። በስምንተኛው ቀን ጸሐይ ወጣች። የአያ ጓንጉል ማሳ ቀልቶ ነበር። ከሱ ታች ያለውም ቀልቶ ነበር። እስከ ዝግባው ድረስ ሁሉ ቀልቶ ነበር። በጠጂቱም ጓሮ ያ ነቁጥ ያልነበረበት አረንጓዴው ቀላ። ጠቃጠቆው ግን ጠቃጠቆ ጨመረ እንጂ አልቀላም። የታችኞቹ ቅጠሎቹ ደረቁ። ቁመቱ አጠረ፣ ዛላውም እንደ ሌላ ጊዜ አልረዘመም፣ ሲዋጋ የከረመ ነውና። ጥቅምት ሲገባ አንዱን ዛላ በመዳፏ መካከል አሸችው። ፍሬው ሙሉ ነበር፣ ወተት ወተት ይል ነበር። ጠጂቱ ቀመሰችውና ዓይኗን ጨፈነች። እሸት በአፏ ካለፈ አራት ዓመቱ ነው።

አያ ጓንጉል መጡ። በዚህ ጊዜ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ተጣሩ። ገብተውም ስንዴውን አንድ በአንድ አዩት። በአገሩ ሌላ ዘር የሚሆን እህል አልተረፈም።

አያ ጓንጉልም፦ «ፈርጄብሽ ነበር፣ ይቅር በዪኝ» አሏት። «እሸት ሆኖ የተቆረጠ ዘር አይሆንም። ግን ቁረጪ ወይም አትቁረጪ የምንልበት አፍ የለንም። ስንዴው የአንቺ ነው፣ የምትጠሪውም ልጅሽን ነው።» ይህን ብለው በትራቸውን አንሥተው ሄዱ።

እንግዲህ እዩ። ጓሮዋ ጠባብ ናት። የተረፈው ሁሉ ቢቆጠር ሦስት ጭብጥ ቢሆን ነው። አንዱን ጭብጥ ብትቆርጥ የአገሩ ሲሶ ዘር አጣ ማለት ነው። ባትቆርጥ ይታይሽ አልተጠራችም ማለት ነው። ጠጂቱ ማጭዷን ይዛ ከስንዴው መሀል ቆመች። ከጧት እስከ ቀትር ቆመች። የልጇ ፊት ዓይኗ ላይ ይመጣል፣ ከዚያም የጎረቤቶቿ ባዶ ጎታ ይመጣል። በመጨረሻ አጎነበሰችና አንድ ዛላ ቆረጠች። አንድ ብቻ። ጠቃጠቆ ያለበት ቅጠሉ ሳይለይ።

ልታስረው አሰበች፣ አንድ ዛላ ምኑ ይታሰራል። እንዲያው ለቢተው ሰጠችው። «ጭብጥ አይደለም፣ አንድ ናት። እናትሽ ያላት ይህችው ናት በልልኝ» አለችው። መልእክቷ ትንሽ ናት ያለው የስንዴው ቃል ትዝ አላትና ትንሽ ተጽናናች። ቢተውን ግን ደግማ፦ «ልጁ ወንድ ይሁን ሴት ጠይቅልኝ» አለችው።

ቢተው በሁለት ሳምንቱ ተመለሰ። ዛላዋን ሰጥቻታለሁ አለ። ይታይሽ ተቀብላ ምሰሶ ላይ ሰቅላታለች፣ አማቷ ግን አንድ ዛላ ጥሪ አይባልም ብላለች አለ። ልጁስ ብትለው፣ ራሱን አከከና ረሳሁት አላት። ጠጂቱ ትሳቅ ወይስ ታልቅስ ቸገራት።

ስንዴው ደረሰ። ታጨደና ተወቃ። ጠጂቱ ለየቤቱ እየለካች አከፋፈለች፣ መጀመሪያ የሰጠችውም ለአያ ጓንጉል ነው። የራሷን ድርሻ ግን ሳትወቃ በዛላው አስቀመጠችው። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ በር ላይ ትቀመጣለች። ሰዉ ሲያልፍ አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ አይላትም፣ ያውቃላ። እሷም ቢሆን በአንድ ዛላ ማን ይመጣል ብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር። ቆረጥሁ እያለች ግን መቀመጧን አልተወችም።

በጥር አንድ ቀን በመንገዱ ጫፍ ጉንዳን የምታህል ነገር ታየች። ጉንዳኗ እያደገች መጣች። በቅሎ ሆነች። በቅሎዋ ላይ ሴት፣ ከሴትየዋ ፊት ልጅ ተቀምጧል። ጠጂቱ ዓይኗን ብትነቅል የሚጠፉባት መስሏት ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ስለዚህ እነሱ መጡላት።

ይታይሽ ከበቅሎዋ ወርዳ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እያለቀሰች ሁሉን ነገረቻት። ወንዝ ማዶም ዋግ ገብቶ ኖሯል። ያችን ዛላ ምሰሶ ላይ ሰቅላት ሳለ የባሏ አባት አወረዷት፣ በእጃቸው አሹዋት፣ ፍሬው ሙሉ ሆኖ አገኙት። ከዚያም ሚስታቸውን ዝም አሰኙና፣ አንድም ትሁን መቶ ጥሪ ጥሪ ነው፣ ሂጂና ከእናትሽ ዘር ለምኚልን አሏት። ጠጂቱ ይህን ሁሉ የሰማች አይመስለኝም። የምታየው ሕፃኑን ነበር። ሕፃኑ የማያውቃት አሮጊት አፍጥጣ ስታየው ተቆጣና አፍንጫውን ነፋ። ጠጂቱም ሳቀች፣ አራት ዓመት ያልሳቀችውን ሳቅ።

ይታይሽም፦ «ሴት ናት፣ እማ» አለቻት።

ከዚያም ወደ ቤት ገቡ። ይታይሽ ገና እንደ ገባች ቀና ብላ ምሰሶውን አየች። ባዶ ነው። ችካሉ ብቻ ቀርቷል፣ ቋጠሮው የነበረበት ቦታም ጢስ ስላልነካው ነጣ ብሎ ይታያል። ፊቷ ወዲያው ጠቆረ።

«እማ፣ ቋጠሮዬን ፈታሽው?» አለች።

ጠጂቱም፦ «ፈታሁት» አለቻት። «ባልፈታው አትመጪም ነበር።»

ይታይሽ ባዶውን ችካል በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያም ያልተወቃውን የእናቷን ድርሻ አምጪው አለቻትና ለሁለት ከፈለችው። አንዱን ለወንዝ ማዶ ጠቀለለች። በሁለተኛው ላይ የእናቷን ጣቶች ያዘችና እንዲህ አድርገሽ ጠምዝዢ፣ አሁንም ጠምዝዢ፣ አሁንም፣ አሁን ጫፉን ቀርቅሪው እያለች አሳየቻት። ሦስት ጊዜ ተበላሸ። በአራተኛው ያዘ። የሰቀለችው ጠጂቱ ራሷ ናት። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ጠቃጠቆ ያለበትን ስንዴ የሚነቅል የለም፣ የዛላ እስር የሌለበት ምሰሶም የለም።

አንተ፣ አሁንም ቀና ብለህ ታያታለህ። እይ፣ ማየት አይከለከልም። ይህችኛዋን ያሰረቻት ማን እንደሆነች ልትጠይቀኝ ነው፣ አውቄብሃለሁ። የእኔዋ ልጅ ናት። እሷም ወንዝ ማዶ ናት። ዘንድሮ እሸቱ ሲደርስ አንድ ዛላ እልክላታለሁ።

በሉ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በእሸት አብሱ። እሸቱ እስኪደርስ ድረስ ቆሎውንም ብትሰጡኝ አልቀየማችሁም።